ቀኑ በስንት ሰዓት ይለወጥ?

ጥቅምት ሲገባ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ከወንበሬ እነሣለሁ፣ ደጅ ወጥቼ የጉናን ተራራ አያለሁ፣ ብርዱ ሲነካኝ እመለሳለሁ፤ ሻይ አስቀድቼ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ጋሽ ይርዳው፣ ምን ጠፋብዎት?» ትለኛለች። ይሄ ይጠየቃል እንዴ! ዘነቡ ናት የጠፋችብኝ፤ ሌላ ምን ይጥፋብኝ። ባለቤቴ ያረፈችው በዚህ ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ጥቅምት በመጣ ቁጥር ሰውነቴ ከእኔ ቀድሞ ያውቀዋል። ዘንድሮ ግን ከወትሮው ባሰብኝ፤ ልጄ መሠረት ከባሕር ዳር ልትመጣ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ደጄን አልረገጠችም። ያጣላንን ነገር ለሌላ ሰው ብነግረው ይስቅብኛል። የእናቷ ሙት ዓመት ጥቅምት ሃያ ሁለት ነው ወይስ ሃያ ሦስት? እሷ ሃያ ሁለት ትላለች፤ እኔና የደብራችን ቄስ ሃያ ሦስት እንላለን። በአንዲት ቀን አባትና ልጅ ተኳርፈን ከረምን። እንግዲህ ዘንድሮ ወይ እንታረቃለን፣ ወይ ያለችኝን አንዲት ልጅ አጥቼ እቀራለሁ። ሌላ ልጅ የለኝም።

አምና በሃያ ሁለት ጧት ነው የመጣች። ጥቁር ነጠላዋን ደርባ፣ ጧፍ በወረቀት ጠቅልላ፣ ዓይኗ ከመንገዱ አቧራ ቀልቶ ደረሰች። እኔ ቤት ደግሞ ምንም የለም። ዱቄቱ በጆንያው ነው፣ ዳቦው አልተቦካም፣ ድንኳኑ አልተተከለም። «የት አለ ሰው?» አለችኝ። «ነገ ነው እንጂ» አልኳት። ነገ ሥራ አለባት፤ የአንድ ቀን ፈቃድ ለምና ነው የመጣች። እኔም እንደ ልማዴ ምላሴ ቀደመኝና «የእናትሽንም ቀን ስልክ ነው የሚነግርሽ?» አልኳት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። «እኔ እጅ ላይ ነው ያለፈችው፤ ቀኑን አንቱ ይነግሩኛል?» ብላኝ ጧፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። የከሰዓቱን ሚኒባስ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ደኅንነቴን የምትጠይቀው ለጎረቤቴ እየደወለች ነው።

እኔ እኮ ሰዓት ሠሪ ነበርኩ! ዕድሜ ልኬን የሰውን ሰዓትና ቀን ሳስተካክል ኖሬ፣ በራሴ ቤት በቀን መጣላት! የባለሙያ ቤት ሁልጊዜ ይጎድለዋል ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች።

ሱቅ ካላችሁት ሱቄ ከገበያው ወደ ላይ ስትወጡ በግራ በኩል፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ሥር የተለጠፈች የመስኮት ስፋት ያላት ነገር ነበረች። አንድ ጠረጴዛ፣ በላዩ መስተዋት፣ ከመስተዋቱ ሥር የሰዓት ማሰሪያዎች፤ ቆዳው ሁለት ብር፣ የብረቱ ሦስት ብር ከስሙኒ። ሰዓት ፈትቶ በቤንዚን አጥቦ፣ ዘይት ቀብቶ መግጠም አንድ ብር ከሽልንግ ነበር፤ ለካህናት አንድ ብር። የቤንዚኑና የቀጭኑ ዘይት ሽታ ከጣቴ አይለቅም ነበር፤ ዛሬም መንገድ ላይ ሞተር ብስክሌት ቆሞ ቤንዚን ሲሸተኝ እጄ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ልብስ ሰፊው ቀኑን ሙሉ የሲንጀር መኪናውን መርገጫ እየረገጠ ያንጎራጉራል። ማዶ ጥጉ ላይ ሬዲዮ ያላት ሻይ ቤት ነበረች፤ ክራር በተጀመረ ቁጥር ባለቤቷ ድምፁን ለመንገዱ ሁሉ ትለቀዋለች፣ ልብስ ሰፊውም ዜማውን ጥሎ እሷን ይከተላል፤ ይሳሳታል፣ እንስቅበታለን። ያ ጥግ ዛሬ ባለ ሦስት ፎቅ ሆኗል። ከታች የስልክ ቀፎ ይሸጣሉ፤ የስልኩ ሽፋን ብቻ እኔ ያኔ በወር ከማገኘው ይበልጣል። ባለፈው ቆሜ ሳየው አንዱ ጎረምሳ «አባባ፣ ምን ልርዳዎት?» አለኝ። ምን ልበለው? «ሬዲዮዋ የት ሄደች?» ልበለው?

የገበያ ቀን ሲሆን ከእብናት፣ ከስማዳ፣ ከየትም ይመጡ ነበር። ሽማግሌው በተፈሪ ሱሪና በካኪ ኮት፣ ከላዩ ጋቢ ደርቦ፣ ዱላውን በሁለት እጁ ትከሻው ላይ ጋድም አድርጎ። ጎረምሳው እግሩ ላይ የሰፋ ሱሪና የናይሎን ሸሚዝ፣ ጸጉሩ እስከዚህ። ሰንጋ የሸጠ ሰው ያን ቀን ሰዓት ይገዛል፤ ይሄ የታወቀ ነው። ሰዓቱንም ከሸሚዙ እጅጌ በላይ ነው የሚያስረው፤ ካልታየማ ምኑን ታሰረ! ከሁሉ የሚከበረው ታዲያ ባለ ቀኑ ሰዓት ነበር፤ ሦስት ቁጥር ባለበት በኩል ትንሽ መስኮት ያለው፣ በመስኮቷ የወሩ ቀን የሚታይበት። ያቺ መስኮት ናት እንጀራዬ የነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዓቱን የሠራው ሰው የኛን አቆጣጠር አያውቅም። እኛ ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት ብለን እንጀምራለን፤ እሱ በእኩለ ሌሊት ነው አሥራ ሁለት የሚል። ቀኑ የተጻፈባት ጎማ ደግሞ ቀስቶቹ ሁለት ዙር ዞረው አሥራ ሁለት ላይ ሲገናኙ አንድ ጊዜ ትገፋለች። በነሱ አገር እኩለ ሌሊት መሆኑ ነው። በኛ አሞላል ግን አሥራ ሁለት ወይ ጧት ነው፣ ወይ ማታ። ስለዚህ ባለ ቀን ሰዓት ሳስረክብ ሁሉንም ሰው አንድ ጥያቄ እጠይቅ ነበር፦ «ቀኑ ጧት ይለወጥ ወይስ ማታ?» ይሄን ጥያቄ በየትም አገር ያለ ሰዓት ሠሪ የሚጠይቅ አይመስለኝም። እኔ ግን ካልጠየቅሁ ሰውዬው በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል፣ «አበላሸህብኝ» ብሎ ይጮህብኛል።

መልሱም እንደ ሰዉ ነበር። አንድ መሪጌታ ነበሩ፣ ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ሲሰጡኝ እንኳ የሚባርኩኝ፤ «ይሄ ይጠየቃል? ቀን የሚጀምር ከማታ ነው፤ ዋዜማው ሲቆም ቀኑ ገብቷል፤ ማታ አድርጋት» አሉኝ። ከኋላቸው ቆሞ የነበረው የእብናት ገበሬ ደግሞ «አባ ይፍቱኝ፤ በጨለማ ምን ቀን አለ? ዶሮ ጮሆ፣ በሬ ተጠምዶ ነው እንጂ ቀን የሚባለው። የኔን ጧት» አለ። እሳቸውም ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። ሁለቱም የልባቸውን አግኝተው ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ አንዱ ሃያ ሲል ሌላው ሃያ አንድ እያለ ያድራል፣ ሲነጋ እኩል ይሆናሉ። ማንም ከማንም አልተጣላም። አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ብቻ «እንደ ሬዲዮው እኩለ ሌሊት ይሁንልኝ» ብሎኝ ያውቃል። «እንግዲያ ሰዓትህንም እንደ ፈረንጅ ሙላውና ምሳህን ከሰባት ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት አዙረህ ብላ» አልኩት። ተቆጥቶ ሄዶ ነበር።

ሌላም ችግር ነበረው። የሰዓቱ ወር ሠላሳ አንድ ድረስ ይሄዳል፣ የኛ ሠላሳ ነው። ወር በጠባ ቁጥር አንድ ቀን መግፋት ያስፈልጋል። ጳጉሜንማ አይወራ! ጳጉሜን አልቃ መስከረም ሲጠባ የሰዓቱ መስኮት ስድስት ላይ ይቆማል። ወደ ኋላ አይመለስም። ቀስቱን በእጄ እያዞርኩ እስከ ሠላሳ አንድ ነድቼ ነው አንድ ላይ የማመጣው፤ የአንዱ ሲያልቅ የሌላው ይቀጥላል። በእንቁጣጣሽ ሰሞን የአውራ ጣቴ ቆዳ ይላጥ ነበር። ሰዉ በረንዳው ላይ ተሰልፎ «ዓመቱን አስገባልኝ» ይለኛል። ዓመት የማስገባ እኔ ነበርኩ!

ዘነቡም የመጣች በዚያ ሰሞን ነው። የአባቷን ሰዓት ይዛ መጣች፤ አባቷ ቄስ ናቸው፤ መጠየቅም አላስፈለገኝ፣ ማታ አደረግሁት። ጎኗ ላይ የተሰፋ ቀይ ጥልፍ ያለው ቀሚስ ለብሳ ነበር፤ ጸጉሯን አልባሶ ተሠርታ፣ በእጇ ዣንጥላ። ሰዓቱን ስሰጣት የገዛ እጇን ዘረጋች፤ ትንሽ ባለ ቀን የሴት ሰዓት አስራለች፣ አክስቷ ከጎንደር ያመጡላት። እኔም «የአንቺስ? ቀኑ ጧት ይለወጥ ወይስ ማታ?» አልኳት። «የኔ ሲነጋ ይለወጥልኝ» አለች። «የቄስ ልጅ ሆነሽ?» አልኳት። «ታዲያስ! ማታ ሥራዬ መቼ ያልቅና! እኔ ሥራዬን ሳልጨርስ ቀኑ ምን አስቸኮለው?» ብላ ዣንጥላዋን ዘረጋችና ሄደች። ልብስ ሰፊው መርገጫውን አቁሞ «ይርዳው፣ አለቀልህ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አለቀልኝ። በዓመቱ ተጋባን። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ቀኗን ሲነጋ ነው የለወጠች።

ዘንድሮ መሠረት ሙት ዓመቱ ሁለት ቀን ሲቀረው መጣች። ጥቁር የኮምፒውተር ቦርሳ በትከሻዋ፣ በእጇ የቋጠረችው ስኳርና ቡና። ጉልበቴን ሳመችኝ። «እንደምን ከረሙ አባ?» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ?» አልኳት። ስለ አምናው እሷም አላነሣች፣ እኔም አላነሣሁ። ምን እንደምንነጋገር ግራ ገብቶን ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤፉ አዝመራ፣ ስለ ጎረቤቷ ላም አወራን። ወሬው አለቀ። እኔ ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሣሁ። እሷም ኮምፒውተሯን አውጥታ በድሮው የሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው፤ ሥራ አለብኝ አለች። ሥራ! ለእናቷ ሙት ዓመት መጥታ ሥራ! ልናገር ብዬ ምላሴን ያዝኩት።

ጥቂት ቆይታ «አባ፣ ይምጡና ይቺን ይዩልኝ» አለችኝ። ስልኳን አቀበለችኝ። መነጽሬን አደረግሁ። በትልቁ «ጥቅምት ፪0» ይላል። ሁለት ጊዜ አየሁት። «ይሄ ምንድን ነው? ግማሹ ቄስ፣ ግማሹ ፈረንጅ!» አልኳት። መሠረት ሳቀች። የልጄን ሳቅ ከሰማሁ ዓመት አልፎኛል። «እሱን ላሳይዎት ብዬ ነው፣ የድሮውን ነው የከፈትኩት። ይሄው የተስተካከለው» ብላ አንድ ነገር ነካች፤ «ጥቅምት ፳» ሆነ።

ከሁለት ጓደኞቿ ጋር የምትሠራው ነው አሉ፤ በስልክ ላይ ሰዓቱንም ቀኑንም በግዕዝ ቁጥር የሚያሳይ። ለአብነት ተማሪው፣ ለካህኑ፣ ለወደደው ሁሉ፤ ጣራ ገዳም ያሉ መነኮሳት እንኳ መቼ ይደርሳል እያሉ ያስጠይቃሉ አለችኝ። «ቁጥሩን መቀየር ምን ያስቸግራል?» አልኳት። «እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር» አለች። ስልኩ፣ ለየትኛውም አገር ቁጥር ሲጽፍ፣ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ አሥር ምልክት ስጡኝ ነው የሚለው። ዐረቡም ሕንዱም አሥር አሥሩን ሰጥቶ ተገላገለ። የግዕዝ ቁጥር ግን ዜሮ የለውም፤ አሥር የራሱ ምልክት አለው፣ ሃያም የራሱ፣ መቶም የራሱ። እንደ ሌላው አገር አንድ በአንድ ሲተካው ሃያ ሁለትን ሁለትና ሁለት አድርጎ ጎን ለጎን ይጽፈዋል። «ሰዓቱ ላይ ደግሞ፣ ከሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲያልፍ ከአምስቱ ፊት ዜሮ ያስገባል። ዜሮ ከየት አምጥቼ ልስጠው? ለብቻው የሚያስብ ፕሮግራም ጽፌ ነው አሥሩን ከአሥር፣ አንዱን ከአንድ የለየሁት፤ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ» አለች። እኔ ግማሹ አልገባኝም። ግን እጇን እያየሁ ነበር፤ ስታስብ አውራ ጣቷን ከሌባ ጣቷ ጋር ታሻለች። እኔም እንደዚያ ነኝ።

«አሁን የቀረን አንድ ነገር ነው፤ እሱ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ተጣላን» አለች። «ምን?» አልኳት። «ቀኑ በስንት ሰዓት ይለወጥ? ስልኩ በራሱ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው የሚለውጠው። አንዱ ጓደኛዬ እሱን አንነካካው ይላል። አንዷ የካህናት ነው፣ ማታ ይሁን ትላለች። እኔ ደግሞ አላውቅም።»

ብድግ አልኩ። መስኮቱ ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። «አባ፣ ምን ሆኑ?» ትላለች። ምን ልሁን! ዕድሜ ልኬን ሰውን የጠየቅሁትን ጥያቄ ልጄ መልሳ እኔን ጠየቀችኝ። ስለ ሱቁ ነግሬያት አላውቅም ነበር። የኋለኛውን ጊዜ ሱቅ ነው የምታውቅ፤ ባትሪ የምቀይርበትን፣ የፕላስቲክ ሰዓት የበዛበትን። ያን ቀን ነገርኳት፤ ስለ መሪጌታው፣ ስለ እብናቱ ገበሬ፣ በምሳው ስለ ተቆጣው ጸሐፊ። አገጯን ይዛ ሰማችኝ። «ታዲያ ሁሉንም ሰው ይጠይቁ ነበር?» አለች። «አዎ፤ ሰዓቱ የሱ ነው፣ ቀኑም የሱ ነው» አልኳት። «እንግዲያ እኔም እጠይቃለሁ» ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። «መጀመሪያ ሲከፍቱት ይጠይቃቸዋል፤ ጧት፣ ማታ፣ እኩለ ሌሊት። ያሻውን ይምረጥ።» ጣቶቿ ይሮጡ ጀመር። ደስ ብሎኝ ቁጭ ልል ስል ዞር ሳትል «የእማ ሰዓትስ? ማታ ነበር ወይስ ጧት?» አለችኝ።

ልዋሽ እችል ነበር። «ጧት» አልኳት። ጣቶቿ ቆሙ። ሁለታችንም ገባን። ዘነቡ ያረፈችው በማታ ነው፤ በራሷ ሰዓት ከሄድን ያን ማታ ገና ሃያ ሁለት ነው። መሠረት ግን «አላልኩዎትም?» አላለችኝም፤ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ጋቢዬን አንሥቼ ወጣሁ።

እንዲሁ ዞርኩ። በገበያው በኩል ወርጄ በትምህርት ቤቱ ዞርኩ፤ ባጃጁ ጡሩንባ ይነፋብኛል፣ አልሰማውም። ያን ጊዜ ዘነቡ ታማ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር፤ መሠረት ናት የምታስታምማት። እኔ ደርሼ እየተመለስኩ ነበር። አንድ ጊዜ ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ ከኋላዬ መንገዱ ተዘጋ፣ የስልክ መስመሩም ተቋረጠ። ለምን እንደ ተዘጋ እዚህ አልዘረዝርም፤ መንገድ በኛ ዘመን ሲዘጋም ሲከፈትም ኖሯል። አላስቀምጥ ሲለኝ በጥቅምት ሃያ ሁለት ጧት ተነሣሁ። እስከ ወረታ ጡብ በጫነ መኪና ላይ፣ ከዚያ በጋሪ፣ ከዚያ በእግሬ፤ ሲመሽ ሐሙሲት ደረስኩ። ከሐሙሲት ወዲያ ማለፍ የለም አሉ። ሻይ ቤት ውስጥ አደርኩ። ሲነጋ መንገዱን ከፈቱት፤ ረፋድ ላይ ባሕር ዳር ገባሁ። ከሐኪም ቤቱ በር ላይ የልጄን ጩኸት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ለቅሶ ነው፣ ሬሳ ይዞ መመለስ ነው፣ ቀብር ነው። ማንም «መቼ ተነሣህ?» አላለኝም። ቄሱ ማታ መሆኑን ሲሰሙ «ጊዮርጊስ ገብቷል፤ ሃያ ሦስት ነው» አሉ፤ እኔም እሺ አልኩ። ሐሙሲት ማደሬን ለማንም አልተናገርኩም። ካልደረስኩ ሐሙሲት ብቀር እዚሁ ደብረ ታቦር ብቀር ምን ለውጥ አለው? የማይረባ ወሬ መሰለኝ።

ስመለስ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። መሠረት ስልኬን ይዛ ትጠብቀኛለች። «በአንቱ ስልክ ጫንኩት፤ ማታ አድርጌዋለሁ፣ ለቄሱ እንዲያሳዩአቸው። አሁን ይለወጣል፣ ይዩት» አለች። ጎን ለጎን ተቀምጠን እንደ ልጅ አፈጠጥንበት። አሥራ ሁለት ሲሆን ፳ው ጠፋና ፳፩ መጣ። እኔ በእጄ ስገፋው የኖርኩት ነገር በራሱ ሲሄድ ማየት! «እሰይ» አልኩ ሳላስበው። እሷም ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተመለሰ።

«አንድ ሌላ ቦታ አለው» አለች። «ሙት ዓመት የሚመዘገብበት። ስም፣ ቀን፣ ሰዓት ነው የሚጠይቅ። ሰዓቱን ካላወቀ በማታው አቆጣጠር የትኛው ቀን እንደሚውል አያውቅም።» የእናቷን ስም ጽፋበታለች። ቀኑም ሰዓቱም ባዶ ነው።

ያኔ ነው የገባኝ። ማታ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰዓቱን ግን ጠይቄያት አላውቅም። ስለዚያች ሌሊት ልጄን አንድም ነገር ጠይቄያት አላውቅም። «በስንት ሰዓት ነበር?» አልኳት።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር» አለች። «እማ ዓይኗን ገልጣ ‹ስንት ሰዓት ሆነ?› አለችኝ። ስልኬን አየሁ። ሃያ ሰዓት ይላል፤ በዚያ ጭንቀት መሐል ቁጭ ብዬ ስቀንስ ስደምር፣ ‹ሁለት ሰዓት› አልኳት። ‹አባትሽስ?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ዋሸኋት አባ። መንገዱ እንደ ተዘጋ፣ አንቱም እዚህ እንዳሉ እያወቅሁ፣ ‹መንገድ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው› አልኳት። ‹እሺ› አለች። እጄን ጭምቅ አደረገችኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። በውሸት ሸኘኋት። ሃያ ሦስት ሲሉኝ የሚያመኝ ለዚያ ነው፤ ሃያ ሦስት አንቱ የደረሱበት ቀን ነው። እሷ የጠበቀችዎት ሃያ ሁለት ነው።»

«ሐሙሲት ነበርኩ» አልኳት።

«መቼ?»

«ያን ማታ። ጧት ነው ከዚህ የተነሣሁ። ሐሙሲት ላይ አላሳልፍ አሉኝ። ሻይ ቤት ገብቼ መቀመጥ ቢያቅተኝ፣ የግድግዳ ሰዓታቸው ቆሞ አየሁት፤ አውርዱልኝ ብዬ ፈታሁት። ወንበር ላይ ቆሜ መልሼ ስሰቅለው ከእጄ ሰዓት አይቼ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሞላሁት። ሁለት ሰዓት ላይ ሐሙሲት ነበርኩ፣ ልጄ።»

ዓይኗ ተከፍቶ ቀረ። «ለምን አልነገሩኝም?» አለች በሹክሹክታ።

«ማን ጠየቀኝ? ደግሞስ ካልደረስኩ ምን ብዬ ላውራ?»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከወንበሩ ተንሸራታ ጉልበቴን አቀፈችው፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ስትል እያለቀሰችም እየሳቀችም ነው።

«እንግዲያ አልዋሸኋትማ!» አለች። «አባ፣ እማን አልዋሸኋትማ!»

«አልዋሸሻትም» አልኳት። «አልዋሸሻትም፣ ልጄ። እየመጣሁ ነበር።»